ሁዳዴን የማያውቅ ብድር

ካላንደሩ ላይ ብርሃነሽ ትስቃለች። የጥቅምት ወር ገጽ ላይ ነች። በሁለት እጇ አረንጓዴ ዳጣ እስከ አፉ የሞላበት የፕላስቲክ ዕቃ ታቅፋለች፤ ከኋላዋ የጋሽ አለሙ ሥጋ ቤት በሩ ወለል ብሎ ሽንጡና ዳቢቱ ተሰቅሎ ይታያል። ከሥሯ በትልልቅ ፊደል «በትንሽ ብድር፣ ትልቅ ለውጥ» ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ የብድርና ቁጠባ ተቋሙ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ግን ማንም አላወረደውም። የሰበታ ባጃጅ ነጂዎች እሷ ባለፈች ቁጥር «ጥቅምት መጣች!» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን አብራቸው ትስቅ ነበር። አሁን «ጥቅምት ራስህ!» ብላ ታልፋለች።

ብርሃነሽ ተናዳጅ ሴት አይደለችም። ከቦዲቲ፣ ከወላይታ፣ ከባሏ ከዮአብ ጋር መጥታ ሰበታ ከገባች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዮአብ ለሳኝ ነው፤ ከሰበታ እስከ ቡራዩ ስንቱን ፎቅ ለስኖ እሱ ራሱ ዛሬም የጭቃ ቤት ተከራይ ነው። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አራት ዓመት በፈረቃ ሠርታ ልጅ ሲመጣ ተወችው። ዳጣውን የጀመረችው ሳታስበው ነው። አንድ የደሞዝ ቀን ዮአብ ከጓደኞቹ ጋር ጋሽ አለሙ ቤት ጥሬ ሥጋ ሊበላ ይገባና ሚስቱ የሠራችለትን ዳጣ በመድኃኒት ብልቃጥ ከኪሱ ያወጣል። ከጎን ያሉት ሰዎች «እስቲ አቅምሱን» አሉ። ቀጥሎ ባለቤቱ ጋሽ አለሙ ቢላቸውን እንደያዙ መጥተው በጣታቸው ጠቅሰው ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይቺን የሠራችው ሴትዮ ነገ ጠዋት እኔ ጋ ትምጣ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብርሃነሽ ከድንጋዩ አልተለየችም። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጤና አዳሙ ሁሉ በድንጋይ ነው የሚፈጨው። በቀን አምስት ኪሎ ሲፈጭ እጅ ይቃጠላል። በላስቲክ ጓንት ሞክራዋለች፤ ጓንቱን ድንጋዩ በላው። ልጇን ፊቱን አጥባው አታውቅም፤ እጇ ዓይኑ አጠገብ ከደረሰ ይጮኻል። የሚያጥበው አባቱ ነው። ዓለም ገና አንድ ሱቅ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፍጫ አለ፤ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይወጣል። አራት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። ባለሱቁ ተሰላችቶ «እህቴ፣ ዛሬም ደህና ነው ወይ ልትዪው መጣሽ?» ብሏታል።

የምትገዛበትም ገንዘብ ነበራት። ብድር የሚወስድ ሰው በየክፍያው ላይ የግዴታ ቁጠባ ይቆጥባል፤ ብድሩ ሳያልቅ አይነካም። የእሷ ተጠራቅሞ ሃያ አንድ ሺህ አራት መቶ ደርሷል። ሐምሌ ላይ ብድሯ ያልቃል፣ ቁጠባው ይለቀቃል፣ ማሽኑ ይገዛል። ስሌቱ ይኸው ነበር፤ ዮአብም የሚተከልበትን ሲሚንቶ አዘጋጅቶ ነበር።

አሁን ያ ገንዘብ ሊወሰድ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረሱ ለመረዳት ግን ስለ አምስቱ ሴቶች ማወቅ ያስፈልጋል።

ብድርና ቁጠባው ካርታም ቤትም የሌለውን ሰው የሚያበድረው በቡድን ነው፤ አንዷ ካቃታት አራቱ ይከፍላሉ። የብርሃነሽ ቡድን የተሰበሰበው በጋሽ አለሙ ሥጋ ቤት ዙሪያ ነው። እሷ ዳጣ ታቀርባለች። የቤተ ክርስቲያን እህቷ ኤልሳቤት ለክትፎ ቤቶቹ ቆጮ። ሊቤ ከመናገሻ ገጠር ቅቤና አይብ። ኢክላስ እንቁላል። አምስተኛዋ እትዬ የሺወርቅ ናቸው፤ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣሉ፣ ሽሮና በርበሬ ይሸጣሉ፣ ምላሳቸውም ከበርበሬያቸው አይተናነስም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከአምስቱ የአራቱ ሥራ በሥጋና በቅቤ ላይ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ብርሃነሽና ኤልሳቤት ጴንጤ ናቸው፣ ኢክላስ ሙስሊም ናት፤ ሁዳዴን አይጾሙም። ገበያቸው ግን ይጾማል። የእትዬ የሺ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጾም ሽሮው ይረግፋል፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሱቃቸው ዝንብ ይወረዋል።

መጀመሪያ የተበደሩበት ዓመት ላይ፣ ሁለተኛው የጾም ሳምንት ሲደርስ አራቱ ሴቶች ክፍያ አጥተው ፊታቸው ጠቁሮ ሲቀመጡ መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው።

«ምን አኮራረፋችሁ? በጾሙ እኔ ልያዛችሁ። በፍስኩ እናንተ ትይዙኛላችሁ። አለቀ!»

ሊቤ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። «አያኮ! ለዚህ ነው እናቴ የምልዎት!»

«ጉልበቴን ተዪው፣ ያመኛል፤ ቅቤሽን አምጪ ለፋሲካ።»

ማንም አልጻፈውም። ሁሉም በልቡ ያዘው። ሦስት ሁዳዴ እንዲህ አለፈ። በብድርና ቁጠባው መዝገብ ላይ ግን የሚታየው አምስት ሴቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድም ቀን ሳያዛንፉ መክፈላቸው ነው። መቶ በመቶ።

ነገሩ የተበላሸው በዚያ መቶ በመቶ ነው። እና በብርሃነሽ አፍ። እሷ ራሷ አትክደውም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ከውጭ አገር እንግዶች መጡ። ለብድርና ቁጠባው ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው ተባለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትጊ የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ አስተርጓሚ ሆና መጣች፤ ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ረጅም ፈረንጅ ሴት ነበረች፣ ፊቷ መልካም፣ ደብተሯን ከጉልበቷ የማታወርድ። ሥጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ፈረንጇ በትጊ በኩል «ሕይወትሽ እንዴት እንደተለወጠ ንገሪኝ» አለቻት።

ብርሃነሽ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው የምታውቀው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ «ምስክርነት ያለው ይነሣ» ይባላል። የሚነሣው ሰው የሚናገረው ያለፈውን ነው፤ ታምሜ ነበር ዳንኩ፣ ሥራ አጥቼ ነበር አገኘሁ። ገና ያልተፈታ ነገር ይዞ መድረክ ላይ የሚወጣ የለም። እሱ የጸሎት ርእስ ነው፤ በወረቀት ተጽፎ ለአገልጋዮች ይሰጣል እንጂ በማይክሮፎን አይነገርም። ከሕፃንነቷ ያደገችበት ሥርዓት ነው። እናም ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መሰከረች።

«ምንም አልነበረኝም። ዛሬ ጌታ ባርኮኝ ለአሥራ አንድ ሥጋ ቤት አቀርባለሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ነው። እህቶቼም እንዲሁ። አንድም ቀን ሳናስተጓጉል ከፍለናል። ስሙ ይባረክ!»

«አሜን!» አለች ኤልሳቤት ከጎን፣ ሳታስበው።

ፈረንጇ ዓይኗ እንባ አዘለ። ፎቶ አንሺው ዳጣውን እንድትይዝ ነገራት። ስለ ሁዳዴው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስለ እትዬ የሺም። እትዬ የሺ ራሳቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ «አንቺ ልጅ፣ እኔን ከሰማይ የወረደች ብር አደረግሽኝ እኮ!» ብለው ስቀውባታል።

የዚያ ምስክርነት መልስ የመጣው ባለፈው ክረምት ነው። የብድር ባለሙያው በሪሁን፣ ከተንታ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሞተር ብስክሌቱን ከእግሩ በላይ የሚወድ፣ አምስቱን ሰበሰባቸው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ለእያንዳንዳችሁ አርባ አርባ ሺህ ተፈቅዷል።»

ተያዩ። የጠየቁት ሃያ ሃያ ነበር።

«እኛ ሃያ አልን እኮ» አለች ብርሃነሽ።

«ለእናንተ ዓይነት ቡድን ሃያ የለም፣ እትዬ ብርሃነሽ። እናንተ ሞዴል ናችሁ። ከውጭ ገንዘብ ገብቷል፤ ተኝቶ አይቀመጥም፣ መውጣት አለበት። እኔም የምለካው ባወጣሁት ነው።»

«ልጄ» አሉ እትዬ የሺ፣ «ገንዘብ ለሚፈልገው ሰው ነው ወይስ ሰው ለገንዘብ?»

በሪሁን ሳቀ። ውሉን ከቦርሳው አወጣ።

ፈረሙ። ብርሃነሽን ማንም እጇን ይዞ አላስፈረማትም፤ ይህን ለማንም ትናገራለች። ቃሪያ በእጥፍ ጨምሯል፣ አከራይዋ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ካልከፈላችሁ ልቀቁ ብሏል፤ አርባ ሺህ ያን ዕለት መድኃኒት ነበር የመሰላት። ግማሹ ለአከራዩ ሄደ። ክፍያው ግን ከሰባት መቶ ሠላሳ ተነሥቶ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ሁለት ሺህ ተጠጋ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እትዬ የሺ እንደ ልማዳቸው ኪሳቸውን ከፈቱ። ለመጀመሪያው ክፍያ ደረሱ፤ ለሁለተኛው ግማሽ አደረጉ። በሦስተኛው ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ።

«እኔ አንዲት ሽሮ ሻጭ ነኝ። ድሮ አራታችሁን አዝዬ እሄድ ነበር። አሁን እያንዳንዳችሁ ሦስት ሦስት ሆናችኋል።»

ሊቤ ጥጃዋን ሸጠች። ኢክላስ ከወንድሟ ተበደረች። ብርሃነሽ የዮአብን ደሞዝ አስገባች። ኤልሳቤት ግን ባሏ የሚሠራበት ግንባታ ቆሟል፤ ከየትም የላትም። ሁለት ክፍያ አለፋት። ውዝፍ ሆነ።

በሪሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ በርኅራኄ፣ ቀጥሎ በመለመን፣ በመጨረሻ በወረቀት። ወረቀቱ የሚለው ግልጽ ነው፤ እስከ መጋቢት ሠላሳ ውዝፉ ካልተዘጋ የኤልሳቤት ቀሪ ብድር በሙሉ ከአምስቱ የግዴታ ቁጠባ ላይ፣ ብዙ ካጠራቀመችው ተጀምሮ፣ ይቆረጣል፤ ብዙ ያላት ደግሞ ብርሃነሽ ናት።

«እስከ ፋሲካ እኮ ነው የምንለምንህ» አለችው ብርሃነሽ። «እፎይታ ስጡን። ሥጋ ቤቱ ይከፈት፣ በሁለት ሳምንት እንዘጋዋለን።»

«ሲስተሙ እፎይታ የሚባል ነገር አይቀበልም።»

«ሲስተሙ ሁዳዴ መግባቱን አያውቅም?»

«እኔ አውቃለሁ። እኔም ጾመኛ ነኝ። ሲስተሙ ግን አያውቅም።»

«አንተ እያወቅህ ለሱ የማትነግረው ለምንድን ነው?»

ሞተሩን አስነሣ።

ብርሃነሽ ያን ሰሞን ከሁሉም ጋር ተጣላች። ከዮአብ ጋር በማይረባ ነገር። ድንጋዩ ላይ ስትፈጭ ማሽኑ ይታያትና የበለጠ ትጨፈልቀዋለች። ከሁሉ የከፋው ከኤልሳቤት ጋር የሆነው ነው። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገናኙ፤ ኤልሳቤት ልትስማት አንገቷን ስታስጠጋ ብርሃነሽ የልጇን ኮሌታ የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች። ኤልሳቤት ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመዘምራን ወጥታ ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች። ብርሃነሽ መዝሙሩ እስኪያልቅ ወደ ኋላ ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም። ቁጣዋ ለኤልሳቤት አልነበረም። ግን ሰው በእጁ የሚደርስበትን ነው የሚመታው።

በጾሙ ስድስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ በሪሁን እየተጣደፈ መጣ።

«እትዬ ብርሃነሽ! ፈረንጇ ተመልሳ መጥታለች። ሐሙስ እናንተ ጋ ናት። በስም ነው የጠየቀችሽ!»

ብርሃነሽ ድንጋዩን ተወችው። ገንዘቡ የሴትየዋ ከሆነ፣ ሴትየዋ አንድ ቃል ብትናገር የአንድ ወር እፎይታ ምን ይሆናል? ሁለቱን ቀን ሙሉ ስትፈጭ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ዋለች። ሐሙስ ጠዋት ኤልሳቤት ቤት ሄዳ በሩን አንኳኳች።

«ነይ እንሂድ።»

«ምን ፊት ይዤ?» አለች ኤልሳቤት።

«የያዝሽውን ይዘሽ። እኔም የባለፈውን ፊቴን አልደግመውም።»

በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ጋሽ አለሙ ጥግ ላይ ከጎረቤታቸው ጋር ዳማ ይጫወታሉ። ትጊ መጣች፤ ሽቶዋ ቀድሟት። ብርሃነሽን ገለል አድርጋ «እንደ ባለፈው ነው፣ እሺ የኔ ቆንጆ? አጠር አጠር አድርገሽ፣ ከልብሽ» አለቻት።

ፈረንጇ ብርሃነሽን አቀፈቻት። በትጊ በኩል ብዙ ተናገረች። ገንዘቡ የራሷ አይደለም፤ አገሯ ያሉ ጡረተኞች፣ አስተማሪና ነርስ የነበሩ ሰዎች፣ ያጠራቀሙት ነው። ገንዘባቸው ትርፍ እንዲያመጣ ብቻ ሳይሆን ማንንም እንዳይጎዳ ይፈልጋሉ። እሷን የላኳት ለዚህ ነው።

እትዬ የሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጡረተኞቹ ይባረኩ። ግን ገንዘባቸው ከዚያ ሲነሣ ሽማግሌ ነው፣ ሰበታ ሲደርስ ጎረምሳ ይሆናል።»

ትጊ ይህን አልተረጎመችውም።

ብርሃነሽ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። አፏ በራሱ «ጌታ ይባረክ» አለ፤ ቀጥሎ «ምንም አልነበረኝም» የሚለው ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«ዛሬ ምስክርነት የለኝም» አለች። «የጸሎት ርእስ ነው ያለኝ።»

ትጊ ፈገግ ብላ ተረጎመች። ፈረንጇ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«ልትጸልይልሽ ነው እንዴ?» አለች ሊቤ በሹክሹክታ።

ብርሃነሽ ቀጠለች። ስለ ሁዳዴ፣ ስለ ሥጋ ቤቱ፣ እትዬ የሺ እንዴት ሦስት ዓመት እንደተሸከሟቸው፣ አርባ ሺህ እንዴት እንደመጣ፣ ስለ ኤልሳቤት፣ ስለ መጋቢት ሠላሳ። ጨርሳ ስትቀመጥ ትጊ ወደ ፈረንጇ ዞር ብላ ተናገረች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው።

እትዬ የሺ ዘወር አሉ። «ይሄ ሁሉ ንግግር በፈረንጅ አፍ እንዲህ አጭር ነው እንዴ?»

«ዋናውን ሐሳብ ነግሬያታለሁ፣ እማማ።»

«ምን አልሻት?»

«ጊዜያዊ የገበያ መቀዛቀዝ አለ አልኳት።»

ብርሃነሽ ተነሣች። ሥጋ ቤቱ በር ጋ ሄደች። «ጋሽ አለሙ፣ በሞቴ ይክፈቱልኝ።»

ጋሽ አለሙ ዳማውን ትተው ተነሡ፤ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ፤ በሩን ወደ ላይ ገፉት። ብረቱ ጮኸ። ውስጡ ጨለማና ባዶ ነው። ሜንጦዎቹ ደርቀው ተሰቅለዋል። የሥጋ መቁረጫው ግንድ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። መደርደሪያው ላይ ጾሙ ሳይገባ ያስረከበችው ሦስት ዕቃ ዳጣ አለ፤ ብርሃነሽ አንዱን ከፈተችና ለፈረንጇ አፍንጫ አስጠጋችው። ፈረንጇ ዕቃውን በእጇ ገፍታ ወደ ኋላ ሸሸች። ኮምጥጧል።

ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ሴትየዋ ፊቷ ተለወጠ። መቼ ነው የሚከፈተው አለች። በፋሲካ። ስንት ቀን ይዘጋል? ሃምሳ አምስት። በየዓመቱ? በየዓመቱ። ከዚያ ወደ በሪሁን ዞራ ታብሌቱን ተቀበለችው፤ በጣቷ እየገፋች ያለፉትን ዓመታት አየች። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሁሉም አረንጓዴ ምልክት ነው።

«ታዲያ ማን ነበር የሚከፍለው?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ወደ እትዬ የሺ ዞረ። እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ? ሌባ ያዛችሁ ይመስል!»

ፈረንጇ በሪሁንን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ መለሰ፤ ከዚያ ለሴቶቹም በአማርኛ ደገመላቸው። «የምንመዘግበው ቡድኑ መክፈሉን ነው። ማን ለማን እንደከፈለ የሚጻፍበት ቦታ የለም አልኳት።»

ሴትየዋ ብዙ ጻፈች። ገጽ ሞላች፣ ገለበጠች፣ ጻፈች። የብርሃነሽ ልብ ከእስክሪብቶው ጋር ይሄዳል። በመጨረሻ ቀና ብላ በትጊ በኩል ተናገረች፤ ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ አመሰግናለሁ፣ ሪፖርቴ ላይ አስገባዋለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት የብድር ፖሊሲው ሲከለስ ውይይት ይደረግበታል።

«እስከ መጋቢት ሠላሳስ?» አለች ብርሃነሽ።

ትጊ ጠይቃ መለሰች። «እሱ ውስጥ ገንዘብ ሰጪዎቹ አይገቡም ትላለች። የቅርንጫፉ ጉዳይ ነው።»

ብርሃነሽ ወደ በሪሁን ዞረች።

«የሲስተሙ ጉዳይ ነው» አለ በሪሁን።

«ሲስተሙስ የማን ጉዳይ ነው?»

ፈረንጇ ዳጣ ያልነካውን እጇን ዘርግታ ተሰናበተቻት። መኪናው ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ሊቤ «ገለቶማ» እያለች እጇን ታወዛውዝ ነበር፤ ኢክላስ በክንዷ ጎሸመቻት። «ለምኑ ነው የምታመሰግኚው?»

«ለመምጣቷ» አለች ሊቤ። «እኔ እንጃ!»

መጋቢት ሠላሳ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የብርሃነሽ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ አጭር ነው፤ ከቁጠባ ሂሳብዎ ይህን ያህል ተቀንሷል። የቀረላት ስድስት መቶ ብር ነበር። ለዮአብ አልነገረችውም፤ ስልኩን ሰጠችው። እሱ አንብቦ መለሰላት፣ ጓሮ ወጥቶ ለማሽኑ ያዘጋጀውን ሲሚንቶ ዝናብ እንዳይመታው ወደ ቤት አስገባው። ብርሃነሽ ቢናገር ይሻላት ነበር።

ፋሲካ ሆነ። ሥጋ ቤቱ ተከፈተ፣ ሰልፉ አስፋልት ላይ ወጣ፣ የብርሃነሽ ዳጣ በሦስት ቀን አለቀ። ውዝፉን ለመዝጋት ከበቂ በላይ ነበር። ፋሲካ ከቀነ ገደቡ አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው የዘገየው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሪሁን ለክፍያ መጣ። የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ ይዟል።

«ቅርንጫፋችን እንደገና መቶ በመቶ ገባ» አለ፣ ደስ ያላለው ሰው ድምፅ ነው። «ለአዲሱ ዓመት ካላንደር ይሠራል። እንደገና አንቺን ፎቶ እንድናነሣ ታዘናል።»

ሴቶቹ ሁሉ ብርሃነሽን አዩ። እትዬ የሺ ከጎን ሆነው «በል ሽሽ፣ ልጄ» አሉት።

ብርሃነሽ ግን አልጮኸችም። «እነሣለሁ» አለች። «በሁዳዴ ኑ። በዚህ በር ላይ፣ ሲዘጋ። የመጋቢት ገጽ ላይ አድርጉኝ።»

«ለካላንደር ደስ አይልም እኮ፣ እትዬ ብርሃነሽ።»

«ለመኖርም ደስ አይልም።»

በሪሁን ታብሌቱን አወጣ። ክፍያ መሰብሰብ ጀመረ። የእትዬ የሺ ተራ ሲደርስ እሳቸው ስድስት መቶ ብቻ አወጡ፤ ሽሮው ቆሟል። ብርሃነሽ ከመቀነቷ ፈትታ ጨመረች። ሊቤ ጨመረች። ኢክላስ ጨመረች። ኤልሳቤት የያዘቻትን ሁለት መቶ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ላዩ ላይ አስቀመጠች።

«ጻፍ» አለችው ብርሃነሽ።

«ጽፌያለሁ። የሺወርቅ፣ ተከፍሏል።»

«ማን እንደከፈለ ጻፍ።»

ታብሌቱን አዙሮ አሳያት። «ቦታ የለውም። ዳር እንኳ የለውም፤ እይው።»

«ብብትህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

አፈረ። «አሮጌው ካላንደር ነው። አወረድነው። ማስታወሻ ይሆንሻል ብዬ...»

ተቀበለችው። ዘረጋችው። ጥቅምት ላይ ቆም አለች፤ ያቺ ሴት ጥርሷን ከዳር እስከ ዳር ታሳያለች። ገጹን ገነጠለችና ገለበጠችው። ጀርባው ነጭ ነው። የበሪሁንን እስክሪብቶ ወስዳ ሥጋ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች፤ በዝግታ፣ ፊደሏ እየተንጋደደ፣ የእትዬ የሺን ስም ጻፈች፣ ከሥሩ የአራቱን፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ብሩን። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ የምታስታውሰውን ጀመረች፤ ያለፈው ሁዳዴ፣ ካቻምና፣ ከዚያ በፊት። ሴቶቹ ከላይ ሆነው ያርሟታል። «የለም፣ ያን ጊዜ ሦስት መቶ ነበር!» «ኧረ አራት መቶ ነው!» የጣቷ ቅባት ወረቀቱን አረንጓዴ አደረገው።

«ለማን ልታሳዪው ነው?» አሉ እትዬ የሺ።

«ለሚጠይቅ።»

«የሚጠይቅ ባይኖርስ?»

ብርሃነሽ እስክሪብቶውን ለበሪሁን መለሰችለት። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ጋሽ አለሙ ከውስጥ «ብርሃነሽ! ዳጣ አልቋል፣ ሰው እየጮኸብኝ ነው!» እያሉ ተጣሩ።

«መጣሁ!» አለችና ወደ ድንጋይዋ ሄደች።